ለዳገት የተሠራች መኪና

ዛሬ ከሰዓት ከእናቴ ጋር ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ፣ አንዲት አሮጌ መኪና ሞተሯ እንደሚቆላ ሽምብራ እየተንጣጣ በደጃችን አለፈች። ቁርጥ የአባቴን መኪና!

የአባቴ መኪና ባለ ሁለት በር ቀይ የስፖርት መኪና ነበረች። የምንኖርበት ሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ ትከንፋለች፤ የደብረ ሲና ዳገት ሲመጣ ግን ትለግማለች። እናቴ ደግሞ የደብረ ሲና ልጅ ናት፤ የቆላው ሙቀት አልዋጥላት ብሎ ቀረ። "እናቴ ቤት የማታደርሰኝ መኪና ምን ታደርግልኛለች?" እያለች ትነጫነጭ ነበር።

አባቴ ሞተሯን አወረደና የላይኛውን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ አስላገው። ክዳኑ ሲሳሳ ነዳጁ ይበልጥ ታምቆ፣ ኮምፕሬሽኑ ጨምሮ፣ ጉልበት እንድታገኝ ነው። ገጥሞ ሲያስነሳትና ነዳጅ ሲሰጣት ግን መንጣጣት ጀመረች። ጎረቤታችን መካኒኩ ጋሽ ሙሄ ጆሯቸውን ያዙ።

"ያ ረቢ! በዚህ ሙቀት ይህን ያህል ይላጋል? ነዳጁ በሙቀቱ ያለ ጊዜው እየነደደ ነው የሚንጣጣው። ለሮቢት አትሆንም እኮ!"

"ለሮቢት መቼ ሠራኋት?" አለ አባቴ እየሳቀ። እኔ አልገባኝም።

እሁድ ወደ ደብረ ሲና ወጣን። ዳገቱ መሀል ላይ ብርዱ ሲቀበለን መንጣጣቱ ቀስ በቀስ ጠፋና መኪናዋ ያለ ድካም ሽቅብ ወጣች። አባቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ "አየሽ፣ እሷም እንዳንቺ ደጋ ነው የሚስማማት" አላት። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ፈገግታዋን ደበቀች።

አባቴ ካረፈ ቆየ። የዛሬዋን መኪና ድምፅ እስኪርቅ አዳመጥን። ከዚያ እናቴ የግንባሯን ላብ በመዳፏ እየጠረገች፣ "እስቲ ጋቢዬን አምጪልኝ" አለችኝ።