ምን አጥፍተው ነው?

ዛሬ ቢሮአችን ግቢ ውስጥ ሳር ታጨደ። ሽታው በመስኮት ሲገባ ሥራዬን ትቼ በሐሳብ ሄድኩ፤ ልጅነቴ ወዳለፈበት የጋሞ ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ፣ ወደ ቆርቆሮ አጥራችን።

ወላጆቼ ከሰሜን የመጡ መምህራን ናቸው። አንድ ጠዋት ዱላ የያዙ ወጣቶች ወደ ሰፈራችን እየመጡ ነው ተባለና እናቴ በሩን ቆለፈች። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ጎረቤታችን አባባ ዋዳ፣ ሁልጊዜ ሸማ ሲሠሩ የማውቃቸው ሽማግሌ፣ ከእኩዮቻቸው ጋር እርጥብ ሳር ይዘው አስፋልቱ ላይ ተንበርክከዋል። ሳሩ ገና መነቀሉ ነው፤ ሽታው እኛ ጋ ይደርሳል።

እኛ ትምህርት ቤት የሚንበረከከው ያጠፋ ልጅ ነው።

"እማዬ፣ አባባ ዋዳ ምን አጥፍተው ነው?"

"ምንም አላጠፉም" አለች። "እኛ እንዳንጠፋ ነው።"

አልገባኝም። ወጣቶቹ ደርሰው ቆሙ። ከፊት የነበረው ዱላውን ጥሎ አባባ ዋዳን ሊያነሳቸው ጎንበስ አለ። እሳቸው ግን የሁሉም ዱላ ካልወረደ አልነሳም አሉ። አንድ በአንድ ወረደ።

በጋሞ እርጥብ ሳር ይዞ የለመነን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር መሆኑን ካደግኩ በኋላ ሰማሁ። ወጣቶቹ ያን ቀን ለምን እንደመጡ፣ እኛስ ምን እንዳደረግናቸው ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

የማጨጃው ማሽን ዝም ሲል የዘበኛው ሬዲዮ ተሰማ፤ ስለ ጦርነት ያወራል። ወጥቼ ከታጨደው ሳር አንድ እፍኝ አነሳሁ። ለማን እንደምይዘው ግን አላውቅም።