የቁልፍ ሠሪው አረማመድ

ልጅ ሳለ ሰፈርተኛው «ጆሮ» ይለው ነበር። ስሙን ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት። ከላይኛው ፎቅ፣ በሩ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ደረጃውን የሚወጣውን ሰው በእግሩ ድምፅ ብቻ ይለያል። «ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ዛሬ ተናዳለች» ይላል። በሩ ሲከፈት እውነትም ልብስ ሰፊዋ ናት፤ እውነትም ተናዳለች። አንድ ሰው ሲመጣ ግን ጆሮ ምንም አይናገርም። ያን ሰው ለመለየት የእሱ ተሰጥኦ አያስፈልግም፤ ሕንፃው በሙሉ ያውቀዋል። አንድ ረጅም እርምጃ፣ አንድ አጭር፣ ከዚያ ጫማ ሲጎተት ሸርተት። አባቱ ነው።

አባትየው ቁልፍ ሠሪ ነበር። የመሣሪያ ሳጥኑን በትከሻው አንግቶ፣ ከቤት ቤት እየዞረ የተሰበረ ቁልፍ ያወጣል፣ የዛገ ጓጉንቸር ያላቅቃል። ግራ እግሩ ሲፈጠር ጀምሮ አጭር ነው። የግራ ጫማውን ሶል አስወፍሮታል፤ ቢሆንም ልዩነቱን አልሞላለትም። ሰው ስለ እግሩ ሲያነሳበት አይቀየምም። «እኔን የቆረጠኝ ቁልፍ ሠሪ እጁ ተንሸራቶ ነው» ብሎ ቀድሞ ይስቃል። የሚያፍረው ልጁ ነበር።

ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አባቱን ከሩቅ ካየ ጎንበስ ብሎ የጫማ ማሰሪያውን ይነካካል። ወይም ወደ መጻሕፍት መደብሩ መስኮት ዞሮ ቆሞ ይቀራል። ዘዴ ሁሉ ካለቀበት መንገዱን ተሻግሮ በማዶ ይሄዳል። አባትየው አይጠራውም። ቤት ሲገናኙም አያነሳበትም፤ ሾርባውን ይጠጣል፣ ስለ ሰው በርና ስለ ሰው ጠባይ ያወጋል። ልጁም ከዚህ ዝምታ ተነስቶ እንዳልታየ ቆጠረ። ሰው ሊያምን የፈለገውን ነገር ለማመን ምስክር አይጠራም።

ነገሩ የሚገርመው፣ ወደ ሙያው ያስገባውም ያው ያፈረበት ሰው መሆኑ ነው። ቁልፍ ሠሪው የሰፈሩን ሲኒማ ቤት የፊልም ማሳያ ማሽን ክፍል በር አበጅቶ፣ በምላሹ ልጁ እዚያ እንዲቀመጥ የማሽኑን ሠራተኛ ለመነ። ክፍሉ ትንሽ መስኮት አለው፤ ማሽኑ ግን እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ የፊልሙ ድምፅ አይሰማም። ልጁ ስንቱን ፊልም እንዲህ በደንቆሮ ዓይን አየ። የሚባለውን ስለማይሰማ የተዋንያኑን እግር ያያል፤ ለእያንዳንዱ እግር በልቡ ዜማ ያወጣለታል።

አድጎ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ከሆነ በኋላም ሥራውን የሚጀምረው እንዲሁ ነበር። ድምፁን ይዘጋል፤ የስክሪኑን የላይኛውን ግማሽ በጨርቅ ይሸፍናል፤ የሰዎቹ እግር ብቻ ይቀራል። «ፊት ሲዋሽ ኖሯል፤ እግር ግን ገና አልሠለጠነም» ይላል ለተማሪዎቹ። ለፍቅር ፊልም ጽፏል፣ ለጦርነት ፊልም ጽፏል። ልጇን ስለቀበረች አንዲት እናት የጻፈው ሙዚቃ ባሕር ተሻግሮ ሽልማት አምጥቶለታል። ዛሬ ያን ሙዚቃ የሚያስታውሰው የለም። ሕዝብ የሚያውቀው አንዱን ነው፤ የሌባውን።

የሌባው ፊልም ቀልድ ነበር። አንድ ሌባ ሰው ቤት ሰብሮ ይገባል፤ ሁልጊዜም የሚገባው ባዶ ቤት ነው። ዳይሬክተሩ ተጨንቆ መጣ። ተዋናዩ ጎበዝ ቢሆንም ከግማሹ በኋላ ተመልካቹ መሳቅ እንደሚያቆም ነገረው። «አደራህን ወንድሜ፣ አንተ አስቀው» አለው። እሱም ጨርቁን ጋርዶ የሌባውን እግር ሲያይ ዋለ። ሌባው አያነክስም፤ በእግር ጣቱ የሚሄድ ወፍራም ሰውዬ ነው። ሙዚቃው ግን ሳይፈለግ መጣ፤ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር፣ ከዚያ የሚጎተት። ረጅሙን ቱባ ለሚባለው ትልቅ ጥሩምባ ሰጠው፤ አጭሩን ለክላርኔት፤ የሚጎተተውን ከበሮ መቺው በሽቦ ብሩሽ የከበሮው ቆዳ ላይ እንዲፍቀው አደረገ።

የቀረጻው ዕለት ሙዚቀኞቹ ሳቁ። የቱባው ነፊ ትንፋሹ ከድቶት ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። እሱ ከፊታቸው ቆሞ እጁን እንዳነሳ፣ ብሩሹ ቆዳውን ሸርተት ሲያደርገው፣ የልጅነቱ ክፍል መጣበት። በሩ ዝግ ነው፤ በደረጃው ሰው እየወጣ ነው። እጁ አየር ላይ ቀረ። ያኔ «ተዉት፣ ሌላ እጽፋለሁ» ማለት ይችል ነበር፤ ጊዜም ነበረው፣ ሌላ ዜማም አያጣም። ከቀረጻ ክፍሉ መስተዋት ወዲያ ዳይሬክተሩ በሳቅ ያነባውን ዓይኑን ሲጠርግ አየ።

«አንዴ እንድገመው» አለ።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። ዜማው የስልክ ጥሪ ሆነ፣ የሳሙና ማስታወቂያ ሆነ፣ ሰዎች እሱን ሲተዋወቁት በአፋቸው የሚያዜሙለት ሰላምታ ሆነ። አንድ ቀን አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ አንዲት የምታነክስ ሴት አየ። ከኋላዋ የትምህርት ቤት ልጆች ተከትለዋታል፤ በእርምጃዋ ልክ ያን ዜማ ያፏጫሉ። ሴትየዋ አልዞረችም፤ ቦርሳዋን ብቻ አጥብቃ ያዘች። የፊልሙ ታሪክ ጸሐፊ፣ ዳይሬክተሩ፣ ተዋናዩ፣ ማንም እዚያ አልነበረም። እሱ ነበር። ምን አደረገ? መንገዱን ተሻግሮ በማዶ ሄደ።

አባቱስ? አባቱ ፊልሙን አንድ ጊዜ አየው። ሲወጣ የተናገረው፣ «ያ ሌባ ጓጉንቸር አከፋፈት አያውቅም» ብቻ ነው። ልጁም እንደ ድሮው ስለ ዜማው ዝም ማለቱን አለማወቅ አድርጎ ወሰደውና ተነፈሰ።

ራሱ ከሸበተ በኋላ፣ የቀድሞው ሲኒማ ቤት ታድሶ ሊከፈት ሲል የሰፈሩ ልጅ ነውና እሱን ሊያከብሩት አሰቡ። የበዓሉ አዘጋጅ ደስ ደስ ብሏት ደወለችለት። እንደ ነገረችው፣ ሽልማቱን መድረክ ላይ የሚሰጡት አባቱ ናቸው፤ ከመቀመጫቸው ተነስተው ሲወጡ ኦርኬስትራው በዝነኛው ዜማ ያጅባቸዋል። ስልኩ በእጁ ላይ ከበደው። የዚያች ልጇን የቀበረች እናት ሙዚቃ ይሻላል አለ፤ ለበዓል ያዘነ ሙዚቃ አይሆንም አለችው። ዜማው ተሰለቸ አለ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የሰለቹት» አለችው። «ሰው የሚመጣው እሱን ሊሰማ ነው።»

እውነቱን ቢነግራት በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። እውነቱን ግን በየትኛው አፍ? ስለዚህ አባቱን ለማስቀረት ሄደ። ሽማግሌው የሚኖረው ከሴት ልጁ ጋር ነው። ሲገባ ሙሉ ልብሱ ወንበር ላይ ተሰቅሏል፤ ጫማዎቹ ጋዜጣ ላይ ተቀምጠው በቀለም ያብረቀርቃሉ፤ ወፍራም ሶል ያለው ከጎኑ ካለው ከፍ ብሎ።

«አባባ፣ የመድረኩ ደረጃ ብዙ ነው። እንዳይደክምዎ ብዬ ነው። ሽልማቱን ሌላ ሰው ቢሰጠኝስ?»

«ዕድሜ ልኬን የሰው ደረጃ ስወጣ ኖሬ፣ በልጄ ቀን ደረጃ ልፍራ?» አለ አባቱ፤ ጫማውን አንስቶ ብርሃን ላይ እያየ። እህቱ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «አንተ ጆሮ፣ ጫማቸውን ጠዋት ማታ ሲወለውሉ ነው የሰነበቱት፤ አታቁስላቸው» አለችው። እሱም ተሰናብቶ ወጣ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ንግግሩ አለቀ፤ እሱ መድረክ ላይ ቆሟል። አዘጋጇ የአባቱን መምጣት አበሰረች፤ ቱባው ጀመረ። ሕዝቡ ዜማውን እንዳወቀ ሳቀና በጭብጨባ ምቱን ያዘ። ቁልፍ ሠሪው ሽልማቱን አቅፎ ከፊት መቀመጫ ተነሳ። ሴት ልጁ ክንዱን ልትይዘው ብትል በእጁ መለሳትና ብቻውን ተራመደ። ረጅሙ እግር ሲያርፍ ቱባው፣ አጭሩ ሲያርፍ ክላርኔቱ፣ ጫማው ሲጎተት ብሩሹ። አንድም አልዛነፈም። ሕዝቡ ገና የሚያየው ደስ ያለውን ሽማግሌ ነው። እግሩን የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከኋላ አንዱ ከት ብሎ ሳቀ። በምን እንደሳቀ አይታወቅም፤ ይህ ዜማ ሁሌም ያስቃል። ደራሲው ግን አልቻለም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አባቱን የሚያድን መስሎት እጁን አንስቶ ኦርኬስትራውን አስቆመ።

ለጆሮ የኖረ ሰው ይህን መርሳት አልነበረበትም። ሙዚቃ ሲቆም የሚቀረው ዝምታ አይደለም፤ በሙዚቃው ሥር የነበረው ነገር ነው። ጭብጨባው ሞተ። አባቱ ግን አልቆመም፤ ደረጃውን ጨርሶ መድረኩ ላይ ወጣ። መድረኩ ከጣውላ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው፤ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ረጅም። አጭር። ሸርተት። ረጅም። አጭር። ሸርተት። ከበሮ መቺው ብሩሹን በእጁ እንደያዘ የሽማግሌውን ጫማ ያይ ጀመር። ከዚያ የፊት ረድፉ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ሲያፏጩት የኖሩት ነገር ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም፤ አሁን ግን የማያውቅ አልቀረም።

አባቱ ደርሶ ከፊቱ ቆመ። እያለከለከ ነው። ሽልማቱን አልሰጠውም፤ ደረቱ ላይ እንዳቀፈው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ለምን አስቆምካቸው?» አለው።

«አባባ... ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን። የገዛ ቁልፌን ቅጂ አላውቅም እንዴ?» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ያኔ መንገድ ትሻገር ነበር። ዛሬ ደግሞ ሙዚቃ ታስቆማለህ። ምን አደረግኩህ?»

ለአባቱ ብሎ ያስቆመ መስሎት ነበር። ያ ሽማግሌ ጫማውን ወልውሎ የመጣው ሊሄድበት ነው፤ በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ በራሱ እርምጃ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው። መሄዱን ሊያይ ያልቻለው ልጁ ነው፤ ያኔም፣ አሁንም። ስቱዲዮ ውስጥ «እንድገመው» ያለውና እዚህ እጁን ያነሳው አንድ ሰው ነው፤ የመጻሕፍቱ መስኮት ላይ ዞሮ የቆመው ልጅ። አንገቱን ደፋ። ከአባቱ ጫማዎች መሐል ወፍራሙ በጣም ያበራል።

«በል አስቀጥላቸው» አለ አባቱ፣ ሽልማቱን እጁ ላይ አስቀምጦ። «መውረጃም አለብኝ።»

ልጁ ለኦርኬስትራው ምልክት ሰጠ። ቱባው ፈራ ተባ እያለ ጀመረ። የሚያጨበጭብ አልነበረም፤ የሚስቅም የለም። ደራሲው ከአባቱ ጎን ሆኖ ክንዱን ያዘ፤ አብረው ወደ ደረጃው ተራመዱ። እርምጃውን ከእርምጃው ሊያስማማ ሞከረ። ዓለም የሚያፏጨውን ዜማ የጻፈው እሱ ነው፤ በእግሩ ግን መያዝ አቃተው፤ በየእርምጃው ይቀድማል።

«ቸኮልክ» አለው አባቱ፣ ወደ ፊት እያየ። «ሸርተቷን ጠብቃት።»