«ሞልቷል» ያልሁባት ቀን

ባለፈው ሰንበት የወንድሜ ልጅ ደሳለኝ አዲስ የሠራውን አልጋ ቤት አይቼ እንድመርቅለት ቆሰበር ድረስ ጠራኝ። ቆሰበር የምለው እኔ ነኝ፤ እሱና እኩዮቹ እንጅባራ ነው የሚሉት። ቤቱ ያምራል፤ ደረጃው ያብረቀርቃል፣ በየክፍሉ ሙቅ ውሃ አለ። ድንች በሥጋ ወጥ ቀርቦልኝ እየበላሁ ሳለ፣ እንግዳ ለምትቀበለው ልጅ ትእዛዝ ሲሰጣት ሰማሁት።

«መታወቂያውን ተቀበይና ስሙን እዪ። የእኛ ሃይማኖት ካልሆነ ሞልቷል በይው። በትሕትና ታዲያ፤ ሰው እንዳይቀየም።»

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። «ለምን?» አልሁት።

«አክስቴ፣ ጸበል አስረጭቼ የከፈትሁት ቤት ነው። በገዛ ቤቴ እምነቴን ባከብር መብቴ አይደለም እንዴ?»

እጄን ታጥቤ ተነሣሁ። እዚያ የነበሩት «አሟቸው ነው» አሉ። አላመመኝም፤ ተናድጄ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ፣ ከቆሰበር እስከ ዳንግላ መንገድ ዳር የተደረደረውን የከሰል ማዳበሪያ እያየሁ ስንገበገብ መጣሁ። የደሳለኝ ንግግር ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው ገሥጬው በበረደልኝ ነበር። ያቃጠለችኝ ልጅቱ ናት። አንገቷን ደፍታ «እሺ» ስትል ያየሁት ራሴን ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እዚሁ ዳንግላ።

የተወለድሁት ከጥርባ አለፍ ብሎ ባለ የገጠር መንደር ነው። ቤታችን የሚነገረው አዊኛ ነበር፤ አማርኛን ያገኘሁት ከትምህርት ቤት ነው። ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ የክርስትና እናቴ እትዬ አበቡ «ልጅቱ ትማር፣ እኔ ዘንድ ትቀመጥ» ብለው ወደ ዳንግላ ወሰዱኝ። ዋናው መንገድ ላይ ዘጠኝ አልጋ ያለው ማደሪያ ነበራቸው። ጠዋት እማራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እንግዳ እቀበላለሁ።

ክፉ ሰው ነበሩ ብዬ ብጀምር ይቀልለኝ ነበር። አልነበሩም። ወር በገባ በሃያ ሰባት ቀን ለመድኃኔዓለም ዝክር ግቢያቸው በነዳያን ይሞላል። የቁስለኛ ለማኝ እግር ተንበርክከው ሲያጥቡ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔን አብልተው አልብሰው አስተምረውኛል። እስከ ዛሬ እንኳ፣ ይህን ያህል እየተናደድሁባቸው፣ አንቺ ልላቸው አፌ እምቢ ይለኛል።

አንድ ስለት ነበረባቸው። አንድያ ልጃቸው በሕፃንነቱ ታሞ ለሞት ሲያጣጥር፣ «ይህን ልጅ ብትተውልኝ ያላመነብህ ሰው ከጣራዬ ሥር አያድርም» ብለው ለመድኃኔዓለም ተስለዋል። ልጁ ዳነ። በስለታቸው አልቀልድም። ያኔም አልቀለድሁም። የእናት ፍርሃት ምን እንደሚያስብል ወልጄ አውቄዋለሁ። እኔም እስከ ዛሬ ሙስሊም ያረደውን አልበላም፤ ሙስሊም ጎረቤቶቼም የእኔን አይበሉም። በሠርግና በተዝካር ለየብቻ አርደን፣ አንድ ዳስ ውስጥ ተቀምጠን በልተን እንነሣለን። ማንም በዚህ ተከፍቶ አያውቅም። አልጋ ግን ሥጋ አይደለም። ዝናብም ሃይማኖት የለውም።

ሐምሌ ነበር። ጠዋት የጀመረው ዝናብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አላባራም። መንገዱ ከመጨቅየቱ የተነሣ የጋሪ ፈረሶች እስከ ጉልበታቸው ጥቁር ካልሲ የለበሱ ይመስሉ ነበር። አንድ ወጣት ባልና ሚስት እየተንጠባጠቡ ገቡ። እሱ ነጭ ቆብ አድርጓል፤ እሷ ሻሿ ረጥቦ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፤ ሆዷ ገፍቶ በሁለት እጇ ደግፋዋለች። ስማቸውን በኋላ ነው ያወቅሁት፤ ሰይድና ከድጃ። በልጅነታቸው በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥተው በለስ ቆላ የሠፈሩ ገበሬዎች ናቸው።

«እህቴ፣ አልጋ አይጠፋም?» አለ ሰይድ። «ጤና ጣቢያ አይተዋት ቀኗ ደርሷል፣ ከዚህ አትራቁ አሉን። ወደ ቆላ የሚወስደው መንገድም በጭቃ ተዘግቷል። ሁለት ሦስት ቀን ብናርፍ ብለን ነው።»

ከጓዳው በር ላይ እትዬ አበቡ ቆመው ነበር። ቆቡን አዩ፣ ሻሹን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁብኝ።

«ሞልቷል» አልሁ።

ከድጃ ከጀርባዬ ወዳለው ጣውላ ቀና አለች። ቁልፎቹ ተሰቅለዋል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እየቆጠረች ነበር።

«እነዚያ ቁልፎችስ?» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። በእውነት ልትጠይቀኝ ነው የፈለገችው።

ሰይድ ክንዷን ያዝ አድርጎ «ተይ ከድጄ፣ እንሂድ» አላት። ዝናቡ ግን አላስኬድ ስላላቸው በረንዳው ላይ ቆሙ። እዚያው እንደቆሙ አንገቱ ላይ ማተብ ያሠረ የድንች ነጋዴ ገብቶ አልጋ ጠየቀኝ። እትዬ አበቡ ራሳቸው ቁልፍ አንሥተው ሰጡት። በሩ ክፍት ነበር። ሁለቱም አዩ።

ትንሽ ቆይተው እትዬ አበቡ ጠሩኝ። ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለዋል፤ ሻይ በጣሳ ቀድተዋል። «ውሰጂላቸው፣ አንጀቴን በሉት» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጣሳውን ይውሰዱት፤ እንዳትመልሽው» አሉኝ።

ወሰድሁት። ከድጃ ሻዩን በቁሟ ጠጣችው፤ ትንቀጠቀጥ ነበር። ስትጨርስ ጣሳውን በዝናቡ አለቅልቃ ዘረጋችልኝ።

«ይቅር፣ ያዥው» አልኋት።

«የሰው ዕቃ አንወስድም» አለች።

ተቀብዬ እጄ ላይ ይዤ ቀረሁ። ወደ ቤት ላስገባው አልችልም፣ ልጥለው አልችልም። ለአንዲት ጣሳ ይህን ያህል ስጨነቅ፣ ሰው መልሼ መላኬ ግን ገና አልቆረቆረኝም ነበር። አሁን ሳስበው እጄን እነክሳለሁ።

በዚያ አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ ባለጋሪ ሲያልፉ ሰይድ አስቆማቸው። ከተማው ሌላ ጫፍ፣ መስጊዱ አጠገብ፣ የአገሩ ልጅ አለ መሰለኝ፤ እዚያ እንዲያደርሷቸው ተስማሙ። ተሳፍረው ሄዱ። መቶ ሜትር አልሄዱም። የጋሪው ጎማ ከውሃ መውረጃው ቦይ ገባና ጋሪው ክፉኛ አጋደለ። ፈረሱ ሲያሽካካ፣ ቀጥሎ የሴት ጩኸት ሰማሁ።

አያ ታከለ በዝናቡ ውስጥ እየሮጡ መጡ። የአገራቸው ልጅ መሆኔን ስለሚያውቁ በአዊኛ ነው የጮኹብኝ፤ ልጅቱ ምጧ መጥቷል፣ ልብስ አምጪ፣ ሴት ጥሪ።

አልጋ ላይ የነበረ አንሶላ ገፍፌ ስወጣ እትዬ አበቡ በሩ ላይ ቆሙ። «እናኑ! ስለቴን! ወደዚህ ይዘሻት እንዳትመጭ!»

በጎናቸው አልፌ ሮጥሁ። ከመንገዱ ማዶ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት የራሷን ላስቲክ ከሸቀጧ ላይ አንሥታ ጋሪው ላይ ዘረጋችው፤ ሸቀጧ በውሃ ራሰ። አዋላጇም እሷው ሆነች። ሰይድ የፈረሱን ልጓም ይዞ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። የእኛ በር ከዚያ ይታያል። ሰባት ደረቅ አልጋ ያለበት ቤት ፊት ለፊት፣ ጭቃ ላይ ባጋደለ ጋሪ ውስጥ፣ ሴት ልጅ ተወለደች። ከድጃ እጄን ጨምቃ ይዛኝ ነበር። ጥፍሯ የገባበት ቦታ ለቀናት ታይቷል።

ብዙ ደም ፈሷታል። በዚያው ጋሪ ጤና ጣቢያ አደረስናት፤ ሦስት ቀን ተኛች፤ ተረፈች። ሕፃኗም ተረፈች።

ሰይድ ዝም አላለም። ንግድ ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት አቤት አለ። እትዬ አበቡ ተጠሩ፤ እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ። በዋዜማው አጠገባቸው አስቀምጠው እጄን ያዙኝ። «ሞልቶ ነበር በይ። ስለት ያፈረሰ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ልጄን እንዳትገድይብኝ» እያሉ አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ።

ጉዳዩን ያየው ወጣት ሠራተኛ ነበር። እትዬ አበቡ ስለታቸውን ሳይደብቁ ነገሩት። «መንግሥት ከእግዚአብሔር ጋር የተዋዋልሁትን ያፈርሳል?» ብለው ጠየቁት። ሠራተኛው ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«እትዬ፣ ስለትዎ የእርስዎ ነው፤ ማንም አይነካብዎትም። ግን የመኖሪያ ቤት አይደለም የከፈቱት። ከመንግሥት ፈቃድ ወስደው፣ አልጋ አለ የሚል ታፔላ ሰቅለዋል። ታፔላው ለማን እንደሆነ አይለይም። ስለቱ ከበለጠብዎት ታፔላውን ያውርዱት።»

እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ሲከፈት ተሰማኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ነገሩን የምታጣሪልን አንቺ ነሽ። በዚያ ቀን አልጋ ነበር ወይስ ሞልቶ ነበር?»

ከድጃ ሕፃኗን ታቅፋ ከፊቴ ተቀምጣለች። እትዬ አበቡ ከጎኔ ናቸው።

«ሞልቶ ነበር» አልሁ።

ሠራተኛው እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። እንደዋሸሁ ያውቃል። ግን ቤቱ ሞልቶ ከነበረ ክስም የለም። ሰይድ ጠረጴዛውን መትቶ ተነሣ። ውጭ የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ገብተው «በቃ፣ አላህም እግዚአብሔርም ይቅር ይላል» እያሉ እትዬ አበቡንና ሰይድን አሳሳሙ። እሷን፣ ጭቃ ላይ የወለደችውን ሴት፣ ይቅር ትያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው አልነበረም።

ስንወጣ በሩ ላይ ተገናኘን። ከድጃ ቆም አለች።

«አንሶላ ይዘሽ የመጣሽ ጊዜ፣ ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር» አለችኝ።

በዚያው ሄዱ። ከዚያ በኋላ አይቻት አላውቅም።

እትዬ አበቡ በማግስቱ አዲስ ጫማ ገዙልኝ። ተጫማሁት። ታፔላው አልወረደም። በየዓመቱ ለልደት ቅዳሴ አብረን እንሄድ ነበር፤ ካህኑ እመቤታችን ማደሪያ አጥታ በበረት መውለዷን ሲሰብኩ እትዬ አበቡ ነጠላቸው እስኪርስ ያለቅሱ ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጥርሴን እነክሳለሁ። በእሳቸው ነው ወይስ በራሴ፣ ያኔ ለይቼ አላውቀውም ነበር።

ትናንት ደሳለኝ በምን እንዳስቀየመኝ ሊጠይቅ መጣ። ይህን ሁሉ ነገርሁት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና፣ «ታዲያ አክስቴ፣ እርስዎም እኮ አድርገውታል» አለኝ።

«አዎ፣ አድርጌዋለሁ» አልሁት። «አንተ መጸለይህን፣ መጾምህን፣ ቤትህን በጸበል ማስረጨትህን ማንም አልከለከለህም። አንተ ግን ለእምነትህ ብለህ ያቺን ልጅ ልታስዋሻት ነው። ኃጢአቱን የምትሸከመው እሷ ናት፤ አንተ ጓዳ ቆመህ ራስህን ትነቀንቃለህ። ካፈርህበት አታድርገው፤ ካላፈርህበት ደግሞ በራስህ አፍ ተናገረው፣ ሕጉም ይጠይቅህ።»

እሺም እምቢም ሳይለኝ ሄደ። ምን እንደሚያደርግ አላውቅም።

እኔ ይህን ነገር ከብዙ ዓመት በፊት ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። ስግደት አዘዙኝ፤ ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድሁ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። ፈትቶኝ ይሆናል። የበደልኋት ግን በለስ ቆላ ውስጥ የምትኖር አንዲት ሴት ናት፤ እኔም እስከ ዛሬ ተነሥቼ ደጇን ፈልጌ አላንኳኳሁም።