ዲያቆኑ ለአባቱ ያስተረፈው ፍትሐት

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ሻምበላችን ጎሕ ሲቀድ ከፊታችን ያለውን ጉብታ መያዝ አለበት፤ የእኛ ጓድ በቀኝ በኩል ይወጣል። ጉብታው ስም አልነበረውም። በካርታው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

እኔ የሞላሌ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፍልስፍና ተማርኩ፤ ከዚያ መሐል ሜዳ ታሪክ አስተምር ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ ተማሪዎቼ ተመዘገቡ። ጠመኔ ይዞ መቅረቱ አሳፈረኝና ተከተልኳቸው። ያኔ እግዚአብሔር የለም ባይ ነበርኩ። ለራሱ ክዶ ዝም ከሚለውም አልነበርኩም፤ ሰው ካልካደልኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጓዱ «ፈላስፋው» ይለኝ ነበር፤ ሙገሳ እንዳይመስላችሁ።

ዋናው ተከራካሪዬ ጌታነህ ነበር። የግሼ ሰው ነው፤ ከራቤል ወጣ ብሎ ገብስ የሚያርስ ዲያቆን፣ የቄስ ልጅ። አንድ ጥያቄ ነበረችኝ፤ በየቀኑ እጠይቀዋለሁ። ማዶ ምሽግ ውስጥ ያሉትም እንደ አንተ ማተብ ያሰሩ ናቸው፣ ለአንድ ጌታ ትጸልያላችሁ፣ ታዲያ የማንን ይስማ? ጌታነህ ጠመንጃውን እየወለወለ ይስቅ ነበር። መልስ ያጣ ሰው ሳቅ ነው እያልኩ እረካለሁ።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መድፋችን ዝም አለ። ተነሣን። መትረየስ ያዘን። ተኛን። እንደገና ተነሣን። ከጎኔ መኩሪያ ወደቀ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጉብታው በእጃችን ገባ።

አንዲት ጥይት ኮዳዬን በስታ አልፋ ነበር። ጓደኞቼ ተአምር ነው አሉኝ። መኩሪያ ከእኔ የተሻለ ሰው ነበር። እሱን ያገኘች ጥይት እኔን ሳተች ብዬ አምላክ አለ ማለት ነውር መሰለኝ፤ ዛሬም ይመስለኛል።

በያዝነው ምሽግ ውስጥ አንድ የጠላት ወታደር ሞቶ አገኘን። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ ነበር። ጌታነህ አካፋውን አነሣ። የጓድ መሪያችን ሃምሳ አለቃ በላቸው፣ ውሃ በሌለበት ጉልበቱን ለጠላት ማባከኑ አናደደው።

«ማተብ አስሯል እኮ፣ ሃምሳ አለቃ» አለ ጌታነህ፤ መቆፈሩንም ቀጠለ።

አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ልረዳው አልነበረም፤ ያቺን ጥያቄዬን ይዤ ነው። «ዛሬ ጠዋት አንተም ጸለይክ፣ ይሄም ጸለየ። የማንን ሰማ?» አልኩት።

«አላውቅም» አለኝ። «ይልቅ እግሩን ያዝልኝ።»

ያዝኩለት። አፈር ካለበስነው በኋላ ጌታነህ ቆሞ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ፤ ከመዝሙረ ዳዊትም የሚያውቀውን አለ። ከዚያ አቆመ። ፍትሐት የካህን ሥልጣን ነው፣ እኔ ዲያቆን ነኝ፣ ከዚህ ማለፍ አይገባኝም አለኝ።

«እኔ ካልተመለስኩ ለአባቴ ንገርልኝ። ፍትሐቱን እሳቸው ያድርሱለት።»

ለማያምን ሰው ይህን አደራ መስጠቱ አስገረመኝ። እሺ አልኩት፤ ይመለሳል ብዬ ነዋ።

በሦስተኛው ቀን ጠላት መልሶ ማጥቃት ጀመረ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ የመድፍ ጥይት ጌታነህንና ሃምሳ አለቃን አንድ ላይ ወሰዳቸው። ጌታነህ ቃል አልተናገረም። ጉብታውን አልለቀቅንም።

ጦርነቱ አብቅቶ ከተሰናበትኩ በኋላ አደራውን ብዙ ወራት ሳላደርስ ቆየሁ። መርዶው ከተነገረ ቆይቷል፤ እኔ ግን ፈራሁ። ልጁ የሞተበትን አባት ለጠላት ጸልይ ብሎ መለመን እንዴት ያለ ነገር ነው? ደግሞም ውስጥ ውስጡን እንቢ እንዲሉኝ እፈልግ ነበር። እንቢ ካሉ የድሮው እኔ ልክ ነበርኩ ማለት ነዋ።

የጌታነህን አባት ቄስ ዘውዴን ያገኘኋቸው አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራዩ ነው። በሬዎቹን አቁመው ባና አንጥፈው አስቀመጡኝ። የልጃቸውን አሟሟት ነገርኳቸው፤ ዝም ብለው አለቀሱ። የሃምሳ አለቃንና የመኩሪያን ክርስትና ስም ጠየቁኝ፤ ከዘመዶቻቸው አጣርቼ ነበርና ነገርኳቸው። በመጨረሻ ያንን አራተኛውን አነሣሁ።

«የወዲያኛው ወገን ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ።»

ጭድ በእጃቸው ይዘው ያሹት ነበር። የልጃቸው ገዳይ የዚያ ሰው ጓደኛ ሊሆን ይችል እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ሊሆን ይችላል አልኩ። መዋሸት አልቻልኩም።

«ጌታነህ ቀበረው?»

«ቀበረው።»

«ፍትሐቱን ለእኔ አለ?»

«ለእርስዎ አለ።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን እንዳትቀር» አሉኝ፤ ተነሥተውም በሬዎቹን ነዱ።

በማግስቱ ከቅጽሩ ውጭ ቆሜ ሰማሁ። የልጃቸውን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው አልተሰበረም። የሁለቱንም ጠሩ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ «ስሙን አንተ የምታውቀው አገልጋይህ» አሉና ድምፃቸው ተቆረጠ። እንደገና ጀመሩ። እንደገና ተቆረጠ። በሦስተኛው ጨረሱት። እኚህ ሽማግሌ እያለቀሱ የሚለምኑት ባዶ አየር ነው ማለት አቃተኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ ሕዝቡ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲል አብሬ አልኩ።

በአንድ ጠዋት አማኝ የሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ንስሐ አባት ለመያዝ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሳቸው ራሳቸው ቄስ ዘውዴ ናቸው፣ በክርክር ያላደከምኳቸው ቀን የለም። ደስ ብሎኝ ነው የምኖረው፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

ከጓዳችን ሦስት ሰው ሞቷል። እኔ ግን በየዓመቱ አራት አስጠራለሁ። ተማሪዎቼ፣ ጋሼ፣ ያ ጥያቄዎ ተመለሰልዎት ወይ ይሉኛል። አልተመለሰልኝም። ድሮ ጌታነህን ነበር የምጠይቀው፤ አሁን እግዚአብሔርን ራሱን እጠይቀዋለሁ።