ከወንበሩ ስር የሌለው ክላሽ

መጀመሪያ የማደርገው ቬንትሌተሩን ማጥፋት ነበር፤ ድምፁ ማይኩ ውስጥ ስለሚገባ። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ በሚያዝያ ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ ግድግዳውንም መስኮቱንም በብርድ ልብስ ሸፍኖ ራፕ መቅዳት ምን እንደሚመስል ያልሞከረው አያውቀውም። ስቱዲዮ የምለው የምሠራበትን የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ጓዳ ነው። ካናቴራዬን አውልቄ፣ ላቤ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገቴ ላይ ፎጣ ጥዬ እጮህ ነበር። በዚህ ሁኔታ አራት ዓመት ራፐር ሆኜ ኖሬያለሁ።

ራፕን የወደድኩት ለደንበኞች ሚሞሪ ላይ ዘፈን ስጭን ነው። በተለይ ከአሜሪካ ደቡብ የሚመጣውን፤ ከበሮው ከባድና ዝግ ያለ፣ ዘፋኞቹ አፋቸውን ሞልተው የሰፈራቸውን ስም የሚጠሩበትን። ቃሉ አይገባኝም፣ ኩራቱ ግን ይገባኝ ነበር። የእኛን ከተማ ማን ዘፍኖላት ያውቃል? ከደሴ የሚመጣ መንገደኛ ምሳውን በልቶ፣ «ኡፍ፣ እንዴት ትኖሩበታላችሁ?» ብሎ፣ ውሃ ገዝቶ የሚሄድባት ናት። ይህ ያናድደኝ ነበር፤ አሁንም ያናድደኛል።

አጻጻፉን ግን ከአሜሪካኖቹ አልተማርኩም፤ ከአጎቴ ነው። አጎቴ ሠርግ ላይ ይፎክር ነበር። በእኛ አካባቢ ሚዜ ሲሞገስ ቆጥቦ ማሞገስ ነውር ነው። አጎቴ የሰፈራችንን ከሲታ ልብስ ሰፊ አንበሳ ገዳይ ሲያደርገው፣ ልብስ ሰፊውም ደረቱን ነፍቶ ሲነሳ፣ ዳሱ በሳቅና በእልልታ ይናጋ ነበር። «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሰውየውን ሁሉም ያውቀዋላ! ራፕና ፉከራ ወንድማማች መሆናቸውን ከማንም ቀድሜ የደረስኩበት እኔ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር።

ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛ ነበረኝ። ከጀውሃ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር መጥቶ ከተማ የቀረ፣ ጁምዓ የማያመልጠው፣ ሳቂታ ሰው። ዘፈኖቼን ቀኑን ሙሉ ባጃጁ ውስጥ እያጫወተ የተሳፋሪውን ጆሮ የሚያደነቁረው እሱ ነበር። ማስታወቂያዬም፣ ሥራ አስኪያጄም፣ አድናቂዬም እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ውለታውን ልመልስ ብዬ አንድ ዘፈን ውስጥ እንደ ሚዜ አሞገስኩት። ስሙን ጠራሁ፣ የሚቆምበትን ተራ ጠራሁ፣ ከዚያ እንዲህ አልኩ፦

ሙቀት ያሳደገው፣ ፍርሃት የማያውቀው፣
ከባጃጁ ወንበር ስር ክላሽ የደበቀው።

ሲሰማው በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ ወላሂ፣ እኔ እኮ ዶሮ ሳርድ ዓይኔን እጨፍናለሁ!» አለ። ተራው ላይ ያሉት ሹፌሮች በሙሉ ሳቁ። ለሳምንት ያህል ሲያዩት እጃቸውን ወደ ላይ እያነሱ «ማረን!» ይሉት ነበር። እሱም ደስ ብሎት ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ ይከፍተዋል።

ዘፈኑ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ሄደ። ከስልክ ወደ ስልክ እየተላከ ጀውሃ ሻይ ቤት ደረሰ፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች የጣርማ በርን ዋሻ እያለፉ እንደሚሰሙት ነገሩኝ። ሰማይ የደረስኩ መሰለኝ። የሚሰማው ሰው ሁሉ ጓደኛዬን እንደማያውቀው ግን ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም። ዳሱ ውስጥ የነበረው ነገር ከዳሱ ወጥቶ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ አገሩ ተበላሸ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። ባጃጆች ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ እንዳይንቀሳቀሱ ተባለ። ገበያ ላይ ሰው ድምፁን ቀንሶ ማውራት ጀመረ፣ ሱቆችም በራቸውን ግማሽ ብቻ ይከፍቱ ነበር። በየመንደሩ መሣሪያ የሚፈልጉ ሰዎች እንደሚዞሩ ይወራል። እኔ አዲስ ዘፈን እየጻፍኩ ነበር፤ ሞኝነቴን ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

አንድ ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎች ወደ ሱቁ ገቡ። ትሑቶች ነበሩ፤ ሰላምታቸውም ረጅም። ያንን ዘፈን ሚሞሪ ላይ እንድጭንላቸው ጠየቁኝ። ስጭን «እስቲ ክፈተው» አሉ። ከፈትኩት። ክላሹ የተጠራበት ስንኝ ላይ ሲደርስ አንደኛው እጁን አንስቶ «መልሰው» አለኝ። መለስኩት። ሦስት ጊዜ አስመለሰኝ። አንዳቸውም አልሳቁም።

«ልጁ በእውነት ያለ ሰው ነው?» አለኝ።

«ውሸት ነው፣ ጨዋታ ነው» ለማለት አንድ ትንፋሽ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን ራፐር ነኝ። ራፐር ደግሞ ያልኖረውን አይዘፍንም ይባላል፤ ይህንንም ከእነዚያው አሜሪካኖች ቀድቼ በየሄድኩበት እደሰኩር ነበር። ሊያደንቁኝ የመጡ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። «እኔ የፈጠራ ነገር አልዘፍንም። ያው ተራው ላይ ታገኙታላችሁ» አልኳቸው። አመስግነውኝ ወጡ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ባጃጁ መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ። ወንበሩ በቢላ ተቀድዶ ስፖንጁ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል። ያየ አንድ ሹፌር «ሁለት ሰዎች አወረዱት፣ ሌላ መኪና ላይ ጫኑት» ብሎ ነገረኝ። ምንም አላገኙም። ማንም የሌለ ነገር ሊያገኝ አይችልም።

ተይዞ ያለበትን ቦታ አጠያይቄ ሄድኩ። ፈሪ ነኝ፤ ይህን አልደብቅም። በሩ ላይ ለቆመው ሰው «ጌታዬ፣ ዘፈን ነው እኮ፣ ክላሽ የለውም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት» አልኩት። ሰውየው ስልኩን አውጥቶ የራሴን ድምፅ አሰማኝ። «ይህን ማንንም ሳትፈራ ነው የተናገርከው» አለኝ። «አሁን ፈርተሃል። የትኛውን ልመን?» ሂድ ሳይለኝ ተመለስኩ።

ከሳምንት በኋላ እናቱ ሱቁ መጡ። ረጅም መንገድ በእግራቸው ሄደው ጫማቸው ጭቃ ለብሷል። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም። «መሣሪያውን አምጪና ልጅሽን ውሰጂ ብለውኛል» አሉ።

«እትዬ፣ መሣሪያ የለውም» አልኳቸው።

«እሱን አውቃለሁ ልጄ። የለውም ብል ማን ይሰማኛል? ላሚቱን ከነጥጃዋ ሸጬ ገዝቼ እሰጣቸዋለሁ። አላህ ያውቃል።»

ተዉ ማለት ነበረብኝ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ሸክሙ ከትከሻዬ የሚወርድ፣ እሱም ነገ ወጥቶ እየሳቀ የሚሰድበኝ መሰለኝ። «ይሁን፣ ይሻላል» ብዬ እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው።

ሲመለሱ ብቻቸውን ነበሩ። በዚህ ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። መሣሪያውን ተቀብለዋቸዋል። «ይኸው፣ ዘፋኙ እውነቱን ነበር» ተባብለዋል። ከዚያም አንድ ያለው ሰው ሌላም አያጣም፣ የቀረውን አምጪ ብለው መልሰዋቸዋል። ልጃቸውንም አላሳዩዋቸውም።

ቀና ብለው አዩኝ። በመጀመሪያው ቀን ያላየሁት ነገር ፊታቸው ላይ አየሁ፤ እናቱም ጠርጥረውት ነበር።

«ስንት ነበረው ልጄ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ አንድም አልነበረውም።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ተነሱ።

«ለአገር ሁሉ ተናግረህ፣» አሉኝ፣ «ለእኔ ትደብቀኛለህ?»