የጋሽ ደመቀን ወንፊት ሳጥብ

ባለፈው ቅዳሜ ሳን ሆዜ አጠገብ ካምቤል ውስጥ፣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ አሮጌ ዕቃ ዘርግተው የሚሸጡ ሰዎች አየሁና መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ። የምፈልገው የመጽሐፍ መደርደሪያ ነበር። ጠረጴዛው ላይ፣ በዳቦ መጥበሻና በሕፃን ጫማ መሃል፣ ከአንድ ስንዝር ትንሽ ከፍ የምትል ጥቁር ዕቃ ተቀምጣለች። ከጎኗ የመስታወት ቧንቧና የተጠቀለለ ጎማ አለ። ቬፖራይዘር ናት፤ በኤሌክትሪክ እየሞቀች፣ ቅጠሉን ሳታቃጥል እንፋሎቱን ብቻ የምታወጣ። ሻጩ ማየቴን አይቶ፣ «ትሠራለች፤ መጽዳት ብቻ ነው የሚያስፈልጋት» አለኝ።

ሳላስበው ቧንቧውን አንስቼ ወደ ፀሐይ አቀናሁት። ውስጡ እንደ ከረመ ማር ጠቁሮ ደርቋል። ከታች ያለችው፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጠው የሽቦ ወንፊት ጭራሽ ተደፍናለች። ጣቴ ወንፊቷ የምትገፋበትን ቦታ ማንም ሳይነግረው አገኘው። ዕቃውን መልሼ አስቀመጥኩና መደርደሪያም ሳላይ ወጣሁ።

የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ኦክላንድ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ወላጆቼ የሚኖሩት ሳን ሆዜ ነው። ቤት ለቅቄ ስሄድ አባቴ ያዘዘኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጋሽ ደመቀን ሳትጠይቂ እንዳትከርሚ።» እሱና ጋሽ ደመቀ ካርቱም ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተው ኖረዋል፤ እዚህም መጥተው ለዓመታት ታክሲ ነድተዋል። ጋሽ ደመቀ ሚስታቸው ሞተውባቸው፣ ልጅም ሳይኖራቸው፣ ከቴሌግራፍ መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ አፓርትመንት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን የሰበካ ጉባኤ አባል ነበሩ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ዕድርተኛ ሲኳረፍ፣ መጀመሪያ ስልክ የሚደወለው ለእሳቸው ነበር። ዝክርም ይሁን ልደት፣ እሳቸው ባሉበት ዳቦ የሚቆርስ ሌላ ሰው አልነበረም።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ የሆድ ካንሰር ተገኘባቸው። የኬሞ ሕክምና ሲጀምሩ ምግብ እምቢ አላቸው። የሾርባ ሽታ እንኳ ያስመልሳቸው ጀመር። ሐኪም ቤት አብሬያቸው እየሄድኩ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ሐኪሟ ክብደታቸውን አይታ፣ በዚህ ከቀጠሉ ሰውነታቸው ሕክምናውን አይሸከመውም አለች። ቀጥላም ማሪዋና ማቅለሽለሹን ሊያስታግስላቸው እንደሚችል ነገረችን። ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

«አንድ ቅጠል አለ ትላለች» አልኳቸው።

«ቅጠሉ ስም የለውም?»

ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

«ስሙ ይህን ያህል ካሳፈረሽስ ገብቶኛል» ብለው ሳቁ። ሐኪሟ ለምን እንደሚሳቅ ሳይገባት አብራ ሳቀች። እንዳያጨሱት፣ ለሳንባቸው እንደማይሆን፣ አሙቆ እንፋሎቱን በሚያወጣ ዕቃ ቢወስዱት እንደሚሻል አስረዳችንና ወረቀት ጻፈችላቸው።

ዕቃዋን የኦክላንድ ሰው እንዳያያቸው ጎረቤት ከተማ አላሜዳ ድረስ ሄደው፣ ኮፍያና ጥቁር መነጽር አድርገው ገዙ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጠይቃቸው ስሄድ በፎጣ እንደተጠቀለለች ከቁም ሳጥን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧት።

«ማሂዬ፣ አንቺ ወሬ አታውቂም» አሉኝ። «ለዚህ ነው የማሳይሽ። እቤተ ክርስቲያን ከተሰማ ግን አለቀልኝ። ለእኛ ሰው ሐሺሽ ሐሺሽ ነው። ሐኪም ነው ያዘዘኝ ብል ‹ሐኪሙም ያጨሳል› ነው የሚሉት።»

እኔን የፈለጉኝ ለጽዳቱ ነበር። ኬሞው የጣቶቻቸውን ጫፍ አደንዝዞታል፤ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ያታግላቸው ነበር። ዕቃዋ ደግሞ በየሳምንቱ ካልጸዳች ትቆሽሻለች። ስትቆሽሽ እንፋሎቱ ይመራል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ እሳቸው ይስላሉ፤ ሳሉ ያስመልሳቸዋል፤ የዚያን ቀን ምግብ የሚባል ነገር የለም። ንጹሕ ስትሆን ግን ሁለት ሦስቴ ሳብ አድርገው ትንሽ ከቆዩ በኋላ፣ «እስኪ ያንን አጥሚት አምጪው» ይሉኛል። አንዳንዴ ሙሉ ስኒ ይጠጣሉ። አንድ ቅዳሜ እንዲያውም ከአጥሚቱ በኋላ አንድ እንቁላል ጨመሩና ሁለታችንም እንደ ትልቅ ድል ቆጥረነው ተያየን።

መመሪያዋን ሦስት ጊዜ አንብቤ ሥራውን ለመድኩት። መጀመሪያ ዕቃዋ ከኤሌክትሪክ ተነቅላ ትቀዘቅዛለች። ሙቅ መስታወት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ስለሚሰነጠቅ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ከዚያ አመድ የመሰለውን የቅጠል ቅሪት ጋዜጣ ላይ በብሩሽ አራግፋለሁ። የመስታወቱን ቧንቧና ወንፊቷን ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮል እዘፈዝፋለሁ። ቧንቧው በጣም ከጠቆረ ደረቅ ጨው ጨምሬበት በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አንቀጠቅጠዋለሁ፤ ጨው ብሩሽ የማይደርስበትን ይፍቃል። ጎማው በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል። ሁሉም በደንብ ከደረቀ በኋላ ዕቃዋ ቅጠል ሳይገባባት ለጥቂት ደቂቃ ባዶዋን ትሞቃለች፤ የቀረ የአልኮል ሽታ ካለ ይጠፋል። ወንፊቷ ስትመለስ ጎድጎድ ያለው ጎኗ ወደ ታች ነው።

ጋሽ ደመቀ ሶፋው ላይ ተጋድመው ያዩኛል። «ታክሲዬን እንዲህ የሚያጥብ ባገኝ ኖሮ እስከ ዛሬ እነዳት ነበር» ይላሉ። ስለ ሞተር ዘይት ያወሩኛል፤ በወቅቱ ያልተቀየረለት ሞተር ቂም እንደሚይዝ። እኔ ብዙ አላወራም፤ እሳቸውም አያስገድዱኝም። መስከረምና ጥቅምት እንዲህ አለፉ። በአውቶቡስ ስሄድ በየግቢው ያሉት ዛፎች ቢጫ እየሆኑ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ በኩል ብርድ ይነሣ ነበር። ሳስበው፣ ለሰው እጠቅማለሁ ብዬ ሳልጠራጠር የኖርኩበት ጊዜ ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ኅዳር ላይ ቅዳሜ የኬሚስትሪ ፈተና ደረሰብኝና እሁድ ልምጣ ብዬ ደወልኩላቸው።

«እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ይመጣል» አሉኝ።

«የሚካኤል ንግሥ ነው እኮ ጋሽ ደመቀ። ሁሉም ሳን ሆዜ ነው የሚውለው።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉ።

ልክ አልነበርኩም። ስምንት ሰዓት ገደማ፣ መስታወቱ በሾርባ ሳህን ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ጥቁሩ ቅሪት ጋዜጣ ላይ ፈስሶ፣ የቅጠሉ ብልቃጥ ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ በሩ ተንኳኳ። የወጥ ቤቱን በር ገርበብ አድርጌ የውጪውን ከፈትኩላቸው። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው። ፊት ፊት እትዬ ጽጌ ነበሩ። እትዬ ጽጌ ኦክላንድ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳሉ፤ ከእኛ ሰው የታመመ እንደሆነ ከሁሉም ቀድመው የሚደርሱ ሴት ናቸው።

«ንግሡ ላይ ቆመን ‹ጋሽ ደመቀ ቢኖሩ› ስንባባል አላስቻለንም!» እያሉ ገቡ። «ታቦቱ እንደገባ ተነሣን። ሃይዌዩን እንዴት እንደነዳሁት እኔና ሚካኤል ብቻ ነን የምናውቀው።»

«ሚካኤልማ መሃል ላይ ወርዷል» አለ አብሯቸው የመጣ ሰውዬ፤ ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ደመቀም ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር።

የእኛ ሴቶች የታመመ ሰው ቤት ገብተው አይቀመጡም። ቀጥታ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሆኖም ቀድሜ በሩ ላይ አልቆምኩም። «እኔ አጥባለሁ፣ እትዬ» ያልኩት እንኳ ለራሴም በማይሰማ ድምፅ ነበር። «አንቺ ተማሪ ነሽ፣ ዕረፊ» ብለውኝ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ። ተከተልኳቸው።

«ማህሌት» አሉኝ። ማሂ አላሉኝም።

«አቤት፣ እትዬ።»

«ይሄ ምንድነው?» ብልቃጡን አንስተው አሸተቱ። «የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ይሄን ሽታ አጣዋለሁ? ያንቺ ነው?»

እጄን በልብሴ ጠረግኩ።

«አባትሽ ያውቃል? በታመመ ሰው ቤት? በሚካኤል ቀን? ሐሺሽ?»

ከሳሎን የጋሽ ደመቀ ነጠላ ጫማ ወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማሁ። ግድግዳውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ።

«ጽጌ፣ ልጅቷን ተያት። የኔ ነው።»

«እርስዎ ደግሞ ሰው መሸፈን ይወዳሉ! ሲጋራ እንኳ ነክተው የማያውቁ ሰውዬ!»

«የኔ ነው አልኩሽ እኮ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ማሂዬ፣ ሐኪሟ ያለችውን ንገሪያቸው።»

ሐኪሟ ስትናገር ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። ወረቀቱ የት መሳቢያ እንዳለ አውቃለሁ። ሐኪም ያዘዘው ነው ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አምስት ሰው እያየኝ ነው። ከተናገርኩ ቀጥሎ ‹አንቺ ምን አገባሽ፣ እንዴት አወቅሽ› ይመጣል ብዬ እንደፈራሁ ትዝ ይለኛል። አንገቴን ደፋሁና ሳህኑ ውስጥ ያለውን መስታወት አየሁ።

በእኛ ዘንድ፣ ትልቅ ሰው ፊት አንገቷን የደፋች ልጅ መልስ እንደሰጠች ይቆጠራል፤ ሐኪም ያዘዘው ነገር የለም ማለት ነው። እትዬ ጽጌ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አዩና ፊታቸው ተለወጠ። መጥተው አቀፉኝ።

«ምስኪን! እሳቸውን ላለማዋረድ ነው ለካ ዝም ያለችው» አሉ። «ጋሽ ደመቀ፣ በዚህ ዕድሜዎ፣ የሰው ልጅ የሐሺሽ ዕቃ ያሳጥባሉ?»

ጋሽ ደመቀ መልሱን ከእኔ ጠበቁ። ቁጣ አላየሁባቸውም፤ ቀጠሮ ቦታ ደርሶ ማንም እንዳልመጣ የገባው ሰው ይመስሉ ነበር። ከዚያ፣ «በሉ፣ ዳቦው ይቆረስ» ብለው ወደ ሶፋቸው ተመለሱ።

ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ቢላዋውን እትዬ ጽጌ ቅድም በቀለደው ሰውዬ ፊት አኖሩት። እሱም ደንግጦ ወደ ጋሽ ደመቀ አየ፤ እሳቸው መስኮቱን እያዩ ነበር። ቆረሰው። ስንወጣ እትዬ ጽጌ በመኪናቸው አደረሱኝ። መስታወቱን ከአልኮሉ ውስጥ አላወጣሁትም።

ማታውኑ አባቴ ደወለ። «ሁለተኛ እዚያ ቤት እንዳትሄጂ» አለኝ። ለእሱ እንኳ፣ በስልክ፣ ማንም በማያየኝ ክፍል ውስጥ፣ አልነገርኩትም። «እሺ፣ አባዬ» አልኩ። ወሬው ሳምንት ሳይሞላው ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ያልሰማው ሰው አልነበረም። የሰበካ ጉባኤው «ይረፉ» ብሎ በጋሽ ደመቀ ቦታ ሌላ ሰው ተካ። ጠያቂ ጨርሶ አልቀረም፤ ግን መቀመጥ ቀረ፤ በር ላይ ምግብ አስረክቦ የሚሄድ በዛ።

በአሥረኛው ቀን ስልኬ ላይ የጋሽ ደመቀን ድምፅ አገኘሁ። «ማሂዬ፣ ደመቀ ነኝ። ፈተና ላይ ትሆኚያለሽ። ያቺ ወንፊት በየት ጎኗ ነው የምትገባው? ጎድጎድ ያለው ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች? ስትችይ ኮል አድርጊልኝ። ቸኩዬ አይደለም።» ደጋግሜ ሰማሁት። ነገ እደውላለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። ለመደወል መጀመሪያ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ፤ ይቅርታውን ደግሞ በየትኛው ቃል እንደምጀምር አላውቅም ነበር። ‹ወደ ታች ነው› ብሎ መላክ እንደሚቻል ያኔ አልታየኝም።

የገና በዓል ሳይደርስ አረፉ። የገደላቸው ካንሰሩ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በልተው እንደሆነ ግን አላውቅም። ከቀብር በኋላ ሴቶቹ ቤቱን ሲያጸዱ እኔ ቁም ሳጥኑን ያዝኩ። ዕቃዋ በፎጣዋ ተጠቅልላ ነበረች። ቧንቧው ከጫፍ ጫፍ ጠቁሯል። ወንፊቷ በሹካ ይሁን በቢላዋ ጫፍ ተጎርጉራ ተጣማለች፤ የገባችውም በተሳሳተ ጎኗ ነው። ሴቶቹ ሳያዩኝ በጥቁር ከረጢት አድርጌ ወርጄ ጣልኳት። ያን ጊዜም ደበቅኩ።

ለሰው እንዲህ ያለውን ስናገር ዓይን አፋርነት ነው ይሉኛል፤ ራሴም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ እለው ነበር። ዓይን አፋር ሰው ግን ለራሱ ሲሆን ነው ዝም የሚለው። እኔ የሌላ ሰው ንግግር በአደራ ይዤ ነው ዝም ያልኩት። እሳቸው ስሜን ለማዳን ስማቸውን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡ፣ እኔ የራሴን ወደ ኪሴ መለስኩ።

ካምቤል ዕቃዋን ባየሁ ማግስት፣ እሁድ፣ ሳን ሆዜ ከወላጆቼ ጋር ቅዳሴ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ እትዬ ጽጌን አገኘኋቸው፤ አርጅተዋል፣ ጉልበታቸው ያማቸዋል። ከጎናቸው ሁለት ወጣት ልጆች ነበሩ። እጄን ይዘው ወደ ልጆቹ ዞሩ።

«አያችኋት ይቺን? ስንቱን አይታ፣ አንድ ቀን ክፉ ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ጨዋ ማለት እሷ ናት። እንደ እሷ ሁኑ።»

ልጆቹ በአክብሮት አዩኝ። አንደኛዋ አፍራ ፈገግ አለች። እትዬ ጽጌ መልሴን ይጠብቃሉ። ለመናገር ጊዜ ነበረኝ፤ ማንም አልተቆጣኝም፣ የሚያስፈራኝም ነገር አልነበረም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አልኳቸውና ጉንጫቸውን ሳምኩ።