የኦሪሲያ ሃያ ሦስት አስተያየቶች

ኦሪሲያ ህናቲዩክ ቅናተኛ ሴት አልነበረችም ብሎ መጀመር ደስ ይል ነበር፤ ግን ውሸት ይሆናል። ዶፊን ከተማ ውስጥ ማን የተሻለ ፒሮጊ፣ ያን ድንች የሚሞላበትን የሊጥ ቅቅል፣ እንደሚሠራ ሲነሳ ፊቷ ይለዋወጣል። የጎረቤቷ ቲማቲም ቀድሞ ከቀላ ያን ሰሞን በአጥሩ በኩል አታልፍም። ይህ እንግዲህ ቀላሉ ነው። አንጀቷን ያሳረራት ቅናት የመጣው በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ በአካል አይታት በማታውቃት፣ ጆሊን ዴዣርሌ በምትባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ የተነሳ ነው።

ኦሪሲያ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት መጻሕፍቱ የሚመዘገቡበት ፕሮግራም በየሳምንቱ እየተበላሸ አስቸገረ። ፕሮግራሙ በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ ነው፤ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ይጠግኑታል። ዶፊንን የሚያስታውስ ጠጋኝ ግን ጠፋ። ስለዚህ ኦሪሲያ ራሷ የኮድ መማሪያ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አንስታ፣ ልጆቿ ሆኪ ሲለማመዱ የበረዶ ሜዳው ዳር ተቀምጣ፣ ጣቶቿ እየደነዘዙ ተማረች። የመጀመሪያ ሥራዋን ለበጎ ፈቃደኞቹ ቡድን ስትልክ አንዱ ጨዋ፣ “ባልሽ ነው የጻፈልሽ?” ብሎ መለሰላት። ባሏ ዎልተር የእህል ጎተራ ሠራተኛ ነው፤ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል እንኳ የምትይዝለት እሷ ናት። ሥራዋ ተቀባይነት እስኪያገኝ አሥራ አራት ወር ፈጀ። ያስተማራት የለም፣ የከፈላት የለም፣ እንኳን ደህና መጣሽ ያላትም የለም።

በዚህ ዓመት ጥቅምት ላይ የቡድኑ መሪ ግሌን ማክአስኪል ከሃሊፋክስ ከተማ በቪዲዮ ደወለላት።

“ሴቶችን ወደ ክፍት ኮድ ሥራ የሚያመጣ የሥራ ልምምድ ፕሮግራም አለ፤ እኛም አንዲት ልጅ እንድንወስድ ተፈቅዶልናል። አሠልጣኟ አንቺ ነሽ።”

“ይከፈላታል?”

“ሦስት ወር ሙሉ።”

“እየተማረች?”

“እየተማረች። ምነው፣ ጥሩ ነገር አይደለም እንዴ?”

“ኧረ በጣም ጥሩ ነገር ነው” አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ አመልካቿ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ አንድ ሥራ ሠርታ ትልካለች፤ አሠልጣኟ መርምራ “ይግባ” ካላለችው ልጅቷ ለምርጫ አትቀርብም። አምስት ልጆች ጀምረው አራቱ በሳምንቱ ጠፉ። የቀረችው ጆሊን ሴንት ሎራን በሚባል የሐይቅ ዳር መንደር ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ናት። በማመልከቻዋ ላይ፣ “ይህ ካልተሳካልኝ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ስለ ሐይቁ በረዶ ውፍረት እያወራሁ እዚሁ ማርጀቴ ነው” ብላለች። የመረጠችው ሥራም ቀላል አይደለም፤ መጽሐፍ ለመዋስ ወረፋ የያዙ ሰዎችን የመጻሕፍት መመዝገቢያው እየዘለለ የሚያልፍበትን ችግር ነው። በስድስት ቀን ጨርሳ ላከችው።

ኦሪሲያ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እንከን የለውም። ደግማ አነበበችው፤ አሁንም የለውም። እሷ እዚህ ለመድረስ አራት ዓመት ፈጅቶባታል። ሰው ያሠለጠናት ልጅ ሲሳካላት ደስ ሊለው ይገባል። ኦሪሲያ ግን ወንበሯን ስባ አስተያየት መጻፍ ጀመረች። እዚህ ጋ ክፍት ቦታ ይቀነስ። ይህ ስም ረዝሟል። ያኛው አጥሯል። ነጥብ ይጨመር። ስትጨርስ ሃያ ሦስት ሆነ።

ጆሊን ሁሉንም በአንድ ቀን አስተካክላ፣ “በጣም አመሰግናለሁ! ሌላም ካለ ይንገሩኝ” ብላ መለሰች። ይህ ምስጋና ኦሪሲያን ከስድብ በላይ አንገበገባት። ስምንት ቀን ሙሉ ሳትመልስ ዝም አለች።

እራት ላይ ዎልተር የኩባሳ ቋሊማውን እየቆረጠ፣ “ልጅቷ ምን አድርጋሽ ነው?” አላት።

“ምንም።”

“ታዲያ?”

“ምንም ሳታደርግማ ነው የተከፈተላት! እኔ በር ሳንኳኳ ክንዴ ዝሏል፤ ለእሷ ምንጣፍ ተነጠፈላት። አሠልጣኝ! ክፍያ! እኔን ማን አየኝ?”

“በሩን የዘጋችብሽ እሷ ናት እንዴ?”

“ዝም ብለህ ብላ።”

“እኔማ እየበላሁ ነው። ያልበላሽው አንቺ ነሽ።”

ልጅቷን መጣል ግን አላሰበችም፤ ይህን ለእሷ መመስከር ይገባል። ያሰበችው እስከ መጨረሻው ቀን ልታንጠለጥላት ነው። ትንሽ መጠበቅ ምን እንደሆነ ትቅመሰው፣ አለች። ማስታወቂያው ላይ ቀነ ገደቡ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ይላል። ከሥራ ዘጠኝ ሰዓት ትገባለች፣ “ይግባ” ትላለች፣ አለቀ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ገባች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ማመልከቻው ተዘግቷል።

አሥር ሰዓት የተባለው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነበር። ዶፊን ላይ ሲቆጠር ረፋዱ ላይ አምስት ሰዓት ነው። ከህንድና ከፊንላንድ ሰዎች ጋር አሥራ አንድ ዓመት በዚሁ ሰዓት ስትሠራ የኖረች ሴት! ይህን ማስታወቂያ ግን በጨረፍታ ነበር ያየችው፤ ለእሷ ያልተጻፈ ግብዣ ስለነበር ዓይኗን ሙሉ ልታየው አልፈለገችም። አምስት ሰዓት ላይ እሷ ለሙአለ ሕፃናት ልጆች የዳይኖሰር መጽሐፍ እየፈለገች ነበር።

ከጆሊን ሦስት መልእክት ተቀምጧል። በሦስት ሰዓት፦ “ላስቸግርዎ አይደለም፣ ሰዓቱ ዛሬ ስለሆነ ነው።” በአራት ከሩብ፦ “የቀረ ነገር ካለ አሁኑኑ አስተካክላለሁ።” ለአምስት አሥር ጉዳይ፦ “ሥራ ላይ ይሆናሉ። ምንም አይደል።”

የመጨረሻዋን ደጋግማ አነበበቻት።

ወዲያው ግሌን ደወለ። “የሥራ ልምምዱን ሰዎች ለመንኳቸው፤ ደንብ ደንብ ነው አሉ። እስከ መጪው ዙር ስድስት ወር ነው። የልጅቷ ሥራ አልደረሰም ነበር እንዴ?”

አዎ ማለት ብቻ ይበቃት ነበር። ሃያ ሦስቱ አስተያየቶች ተደርድረው ይመሰክሩላታል፤ ማንም አይጠረጥራትም፣ እንዲያውም ጠንቃቃ ትባላለች።

“ኦሪሲያ፣ ትሰሚኛለሽ?”

“በጽሑፍ እመልስልሃለሁ” ብላ ዘጋችው።

በዚህ ቡድን ውስጥ ስለ ሥራ የሚጻፍ ሁሉ ለማንም በሚታይ ሰሌዳ ላይ ይሰፍራል፤ አንዴ ከሰፈረም አይሰረዝም። ኦሪሲያ ከጆሊን ሥራ ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ “ይህ ሥራ የመጣ ዕለት የደረሰ ነበር። ያቆየሁት እኔ ነኝ። ያቆየሁትም ስለ ቀናሁ ነው። ይግባ።”

ዎልተር በትከሻዋ በኩል አየው። “ስለ ቀናሁ የሚለው ይቅር?”

“አይቀርም” አለችና ላከችው።

በማግስቱ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። ጆሊን ናት። ድምፅዋን ኦሪሲያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያኔ ነው፤ ከኋላዋ የማደያው በር ደወል ያቃጭላል።

“አነበብኩት” አለች ጆሊን።

“ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት እንኳ...”

“ሃያ ሦስቱንም ለእናቴ አንብቤላት ነበር። አንድ በአንድ። ሥራዬን እንዲህ አድርጎ የሚያይልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ። እሷም በደስታ አልቅሳለች።”

ጆሊን ደንበኛ አስተናግዳ እስክትመለስ ስልኩ እንደተከፈተ ቆየ።

“ከሃያ ሦስቱ ስንቱ እውነት ነበር?” አለች ስትመለስ።

“ሦስቱ።”

“የትኞቹ?”

ኦሪሲያ መነጽሯን አደረገች፣ ኮዱን ከፈተች፤ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ከአራተኛው አስተያየት ጀመረችላት።